ደጅ የተሰጣው እንጀራ

እኔ መቼም ስደሰትም ስቆጣም ሰፈሩ ሁሉ ይሰማኛል። የዚያን ቀን ግን ምነው አፌን ሰፍተውት በነበረ አልኩ! ከወለጋ ተፈናቅላ እኛ ቡሬ የገባች፣ ጥሩዬ የምትባል የሁለት ልጆች እናት አለች። የእድራችን ሴቶች በማርያም ዕለት ሞሰብ ሙሉ እንጀራ ተሸክመን፣ እልል እያልን ወሰድንላት። በማግስቱ በደጇ ሳልፍ ምን ልይ? ያ እንጀራችን ተቆራርሶ ጆንያ ላይ ተሰጥቷል። «አንቺ! እኛ ከልጆቻችን አፍ ነጥቀን ብናመጣልሽ ለዶሮ ትበትኚዋለሽ?» ብዬ ጮህኩባት። ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ ወጣ። እሷ ቀና ብላም አላየችኝ። «አይቆጡ እትዬ። በማርያም ዕለት እናንተም፣ የደብሩ ማኅበርም፣ የሴቶች ማኅበሩም ባንድ ቀን መጣችሁ። በሌላው ቀን የሚመጣ የለም። እስከ መጪው ማርያም ለልጆቼ እንዲደርስልኝ ድርቆሽ እያደረግሁት ነው» አለችኝ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ! ይቅር በይኝ ብዬ ጉልበቷን ስሜ፣ በዚያው እየተንደረደርኩ የሴቶች ማኅበሩ ሰብሳቢ እታገኝ ቤት ገባሁ። ከእሷ ጋር የማን ሞሰብ ይበልጣል እያልን ስንፎካከር የኖርን ነን። የሆነውን ሁሉ ነገርኳትና «እባክሽ እህቴ ቀን እንከፋፈል። እኛ ማክሰኞ እንሂድ፣ እናንተ አርብ፣ ለደብሩም እሑድን እንንገራቸው» አልኳት።

እታገኝ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። «አንቺስ መልሷን ሰምተሻል» አለችኝ። «እኔ ዛሬ ጠዋት ጮኼባት ስመለስ፣ ቆሜ እንኳ አልሰማኋትም።»