እርሳስ ያልሆነው እርሳስ

በጃንሆይ ዘመን፣ በሆሳዕና ከተማ አቅራቢያ ካለችው ከፎንቆ ወጣ ብላ በምትገኝ አነስተኛ ትምህርት ቤት ኤሊያስ የሚባል ወጣት መምህር ነበር። አንድ የበልግ ቅዳሜ፣ ከትምህርት የቀሩትን ልጆች ወላጆች ለማነጋገር ከጠዋት ጀምሮ ከደጅ ደጅ ሲዞር ዋለ። አንዱ ነገ ና ይለዋል፤ ሌላው ደጁን ሳይከፍት ይሸኘዋል። ጉልበቱ ዝሎ፣ ጫማው ጭቃ ተሸክሞ ሲመለስ ዝናብ ያዘውና በመንገዱ ዳር ካለው የወይዘሮ ገነቴ ቤት ሮጦ ገባ።

ወይዘሮ ገነቴ ቆጮ እየጋገሩ ነበር። ከምድጃው አጠገብ ባሻ ጥላዬ ተቀምጠዋል። ኤሊያስ ሲያያቸው ወደ ዝናቡ ቢመለስ በወደደ ነበር፤ ክፍሉን ባዶ ያደረጉበት እሳቸው ናቸውና። ባሻ ከሰሜን መጥተው በአገሩ ብዙ ዘመን የኖሩ፣ ቃላቸው የሚሰማ ጡረተኛ ወታደር ናቸው። የልጅ ልጃቸው አበራሽ ጉሮሮዋ አብጦ ትኩሳት ሲይዛት፣ ከንፈሯ በእርሳስ ጠቁሮ አዩና «ልጆቻችንን መርዝ እያላሱብን ነው» ብለው ከትምህርት ቤት አስቀሯት። ጎረቤቱም እሳቸውን ተከተለ።

«እንደምን ዋልክ መምህር? ና ወደ እሳቱ ቀረብ በል» አሉ ባሻ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። አበራሽስ እንዴት ናት?»

«ተሽሏታል፤ እህልም ቀምሳለች። ብቻ የትምህርቱን ነገር እንዳታነሳብኝ። ደክሞኛል።»

«እኔም ደክሞኛል ባሻ» አለ ኤሊያስ። ሊል ያሰበው ይህን አልነበረም፤ አመለጠው።

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት። ቁጣቸው በረድ ያለ መሰለ።

«ስሙን እስቲ ስማው» አሉ። «እርሳስ! እኔ በወጣትነቴ አቅልጬ ጥይት ያፈሰስሁበት ነው። ጓደኛዬ ኃይሉ እርሳስ ጭኑ ውስጥ ቀርቶበት፣ እየመነመነ እየመነመነ ሞተ። ቁስሉን የማጥብለት እኔ ነበርሁ። ሰው የጨረሰ ነገር በሕፃን ምላስ ላይ ሲወጣ ዝም በል ትለኛለህ?»

ኤሊያስ ትምህርት ብርሃን ስለ መሆኑ የሚናገራት የተለመደች ንግግር ነበረችው። ዛሬ ግን ተዋት። እኛ ተማርን የምንል ሰዎች ብዙ ጊዜ የሌላውን ፍርሃት ድንቁርና እያልን እናልፈዋለን። እኒህ ሰው ትምህርት ጠልተው ሳይሆን ለልጅ ሳስተው እንደ ሆነ ገባው።

«ባሻ፣ የሚፈሩት እርሳስ በእውነት ክፉ ነው። ልጆቹ የሚጽፉበት ግን በስም እንጂ በባሕርይ እሱ አይደለም። ግራፋይት የሚባል፣ ከመሬት የሚወጣ ጥቁር ማዕድን ነው። ፈረንጆች በጥንት ጊዜ ሲያገኙት እርሳስ መሰላቸው፤ ስሙ ከነስሕተቱ ቀረ። የከሰልና የጥላሸት ዘመድ ነው። ይፈጩትና ከሸክላ አፈር ጋር ያቦኩታል፤ አቅጥነው በምድጃ ይጠብሱታል። ሸክላው ከበዛ ይጠነክራል፣ ካነሰ ይለሰልሳል። እርስዎስ የቄስ ትምህርት ቤት ሳሉ ቀለሙን ከምን ይበጠብጡት ነበር?»

«ከጥላሸት ነዋ።»

«ታዲያ ይህም ከዚያው ወገን ነው።»

«ሲሠሩት አይተሃል?»

«አላየሁም። አስተማሪዬ ነገሩኝ፤ ከመጽሐፍም አነበብሁ።»

«እኔ ደግሞ ኃይሉን አይቻለሁ።»

ዝናቡ አልቆመም። ኤሊያስ ከደረት ኪሱ እርሳሱን አወጣ።

«እርሳስ እሳት ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል ባሻ?»

«እንደ ቅቤ ይቀልጣል። ይህ ይጠየቃል?»

«እንግዲያው በእጅዎ እሳቱ ውስጥ ይክተቱት። ከቀለጠ፣ ባሻ ትክክል ናቸው ብዬ ለወላጆች ሁሉ የምናገር እኔው ነኝ።»

ኤሊያስ ግን ነገሩን ራሱ ፈትኖ አያውቅም ነበር። ባሻ እርሳሱን ተቀብለው ፍሙ ውስጥ ሸጎጡት። ቀለሙ ሸተተ፤ እንጨቱ ቦግ ብሎ ነደደና አመድ ሆነ። በመካከሉ ቀጭን ዘንግ ብቻ ቀረ። እንደ ፍሙ ቀላ፤ አልቀለጠም። ወይዘሮ ገነቴ ቆጯቸውን ትተው አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ባሻ ቆይተው ቆይተው በእንጨት ጎትተው አወጡት፤ ሲበርድ አንስተው በምድጃው ድንጋይ ላይ ቢያሰምሩት ጥቁር መስመር ጣለ።

«አልቀለጠም» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ታዲያ ልጄን ምን አሳመማት?»

«አንዲቱን እርሳስ ለብዙ ልጅ እናዳርሳለን። አንዱ በምራቁ አርሶ ይጽፍና ለሌላው ያቀብላል። የአንዱ ጉሮሮ ከታመመ በሽታው ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል።»

«በሽተኛ የጠጣበትን ዋንጫ ሳናጥብ ለጤነኛ እንሰጣለን እንዴ?» አሉ ወይዘሮ ገነቴ።

«እኮ! ደግሞ ሲረጥብ ወይን ጠጅ የሚመስል፣ በቢሮ የሚጽፉበት እርሳስ አለ። እሱ የሚጎዳ ሌላ ቀለም ስላለበት ጨርሶ አፍ መንካት የለበትም።»

«እንግዲያው ግማሽ እውነት ነበረኝ።»

«ነበረዎት ባሻ። ከሰኞ ጀምሮ እርሳሱን እየቆረጥን ለእያንዳንዱ የራሱን እንሰጣለን። መላስም ክልክል ይሆናል።»

ዝናቡ ሲያባራ ኤሊያስ ተነሣ። «ልጃቸውን ያስቀሩት ወይዘሮ ትርፊት ጠዋት አባርረውኛል፤ ልመለስባቸው» አለ።

«እሷን ያስፈራኋት እኔ ነኝ» አሉ ባሻ ምርኩዛቸውን እየፈለጉ። «ና እንሂድ። አንተ አረፍ ትላለህ፤ እኔ እናገራለሁ።»

ወይዘሮ ትርፊት መምህሩን ሲያዩ ፊታቸውን አጠቆሩ፤ ባሻን ሲያዩ ግን ወንበር አቀረቡ። ኤሊያስ ጥግ ይዞ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ስሚኝ ትርፊት» አሉ ባሻ። «ይህ እርሳስ እንደ ቀለም ጠርሙስ ተደፍቶ ልብስ አያበላሽም። ልጅ ቢሳሳት በላጲስ አጥፍቶ እንደገና ይጽፋል፤ ስለዚህ መሳሳት አይፈራም። ልጅሽ ማንበብ ስትችል፣ ከመንግሥት ወረቀት ሲመጣልሽ አንባቢ ፍለጋ ሆሳዕና አትሄጂም። ለጤናዋ ደግሞ እጇን ታጥባ፣ በራሷ እርሳስ ትጻፍ፤ አፏ ውስጥ አታግባው። በቃ።»

«ባሻ፣ መርዝ ነው ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

«ብዬሻለሁ። ተሳስቼ ነበር።»

ኤሊያስ ይህን ሰማ። በሽማግሌ አንደበት እንዲህ ያለ ቃል መስማት ከአንድ ዓመት ማስተማር የሚበልጥ መሰለው። ወይዘሮ ትርፊት የመለሱትን ግን አልሰማም፤ ግድግዳውን እንደ ተደገፈ እንቅልፍ ጥሎት ነበር።

ሰኞ ጠዋት አበራሽና የትርፊት ልጅ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው አገኛቸው። እያንዳንዳቸው ቁራጭ እርሳሳቸውን ጨብጠዋል።