አቶ ደሞዝ ያልታዘዙት ጾም

ሰቆጣ መናኸሪያ ውስጥ የአምደወርቁ ሚኒባስ አልሞላ ብሎ ሲጠብቁ፣ አቶ ደሞዝ ከጎረቤታቸው ልጅ ከሶስና ጋር ድንገት ተገናኙ። ሶስና ነርስ ናት። እሳቸው ግን ያን ዕለት ከነርስም ከሌላም ሰው ጋር መነጋገር አላሰኛቸውም ነበር፤ የሆድ ድርቀቱ ስድስት ቀን አልፎታል፣ በጋቢያቸው ጫፍ ደግሞ አንድ ጭብጥ በሶ ቋጥረዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ጥቅምት ሐኪም አንጀታቸው ግሉተን የሚባለውን ነገር እንደማይችል ነግሮ ስንዴና ገብስ ከለከላቸው። ዓመት ሙሉ ሲያስቀምጣቸው የኖረው ተቅማጥም ቆመ። ደስታቸው ብዙም ሳይቆይ ግን ሆዳቸው ጭራሽ ይደርቅ ጀመር። የቱ ነው በሽታው፣ የቱ ነው መድኃኒቱ? ግራ ገባቸው። አስበው አስበው፣ ገብስ ያስቀምጠኝ ከነበረ ትንሽ ገብስ ይከፍተኛል አሉ። ለሰሚው ቀና ሐሳብ ይመስላል፤ ችግሩ አንጀታቸው አለመስማማቱ ነው።

ሶስና የፊታቸውን መገርጣት አይታ ጠየቀቻቸው። አፈሩ፤ በኋላ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯት። እሷም ሳትስቅ ምን እንደሚበሉ ጠየቀች።

«ነጭ ሩዝ ነው ልጄ። ክልከላ እኮ ጾም ነው፤ እኔ ደግሞ ጾም አላቃልልም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስ።»

«ጤፍስ?»

«እህል አይደል? ተውኩት። ምስሩንም ጎመኑንም ተውኩ፤ አብልጬ ልጠንቀቅ ብዬ ነዋ።»

እንዲህ ነን እኛ፤ አንድ ነገር ተው ሲሉን አምስት ነገር ትተን እንደ ጨዋ መቆጠር እንወዳለን።

«አያ ደሞዝ፣ የተከለከሉት ስንዴና ገብስ ነው። ጤፍና ማሽላ ግሉተን የላቸውም። ሆድን የሚያለሰልሰው የእህሉና የጎመኑ አሰር፣ ቃጫው ነው፤ ነጭ ሩዝ እሱ እምብዛም የለውም። ውሃም ከጎደለ ይደርቃል።»

«ታዲያ ይቺ በሶ ምን ትጎዳኛለች?»

«አንጀትዎን መልሳ ታቆስላለች። ያ ሲያስቀምጥዎት የነበረው እኮ ቁስሉ ነው፣ መከፈት አልነበረም።»

አቶ ደሞዝ በቀላሉ አልተረቱም። ወፍጮ ቤቱ ገብስም ይፈጫል፣ ጤፉ ይነካካብኛል አሉ። እዚህ ላይ እውነት እንዳላቸው አመነች፤ ጤፉ ገብስ ባልነካው የቤት ወፍጮ ይፈጭ፣ ተልባም በብዙ ውሃ ይጠጣ፣ ሰገራ ሲመጣም አይያዝ አለች። ስለ እውነተኛው፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ጾም ደግሞ የንስሐ አባታቸውን እንዲጠይቁ መከረቻቸው። ስድስት ቀን ግን ብዙ ስለሆነ፣ አምደወርቅ እንደደረሱ አብረው ጤና ጣቢያ እንደሚገቡ ነገረቻቸው።

ሦስት ወር ሙሉ ከገዛ ገበታቸው ሸሽተው መክረማቸው አሁን ሽማግሌውን አሳዘናቸው። ቋጠሮውን ፈትተው በሶውን ለሹፌሩ ሰጡት።

«ለካ ያላዘዙኝን ነው የጾምኩት» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

ጤና ጣቢያ ታከሙ፣ ምክሩንም ያዙ። በወሩ ሆዳቸው ይለሰልስ፣ ጉልበታቸውም ይመለስ ጀመር። ዛሬ ማሳ ሲወርዱ ውሃቸውን በጀሪካን ይዘው ነው፤ ማታም ንጹሕ የጤፍ እንጀራ በጎመንና በምስር ይበላሉ። ገብስ ግን ዝክር ላይ እንኳ አይነኩም። ጾሙ አላለቀልዎትም ወይ ብሎ ለሚጠይቃቸው ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው።

«ክልከላው አለ። ጾሙ ግን አልቋል።»