የሽመክት ደረጃ

የአንድ ሕንፃ ተቋራጭ ዋና መሥሪያ ቤት፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ። የድርጅቱን ሠራተኞች ሙያ መዝግባ ደረጃ የምታወጣው እማዋይሽ፣ በምክትል ሥራ አስኪያጁ በአቶ ልሳነወርቅ ጠረጴዛ ፊት ቆማ፣ ፈርሚ የተባለችውን ወረቀት ታገላብጣለች።

እማዋይሽ፦ አልፈርምም አላልኩም። መጀመሪያ ላንብበው ነው ያልኩት።

ልሳነወርቅ፦ የራስሽን ሥራ ምን ታነቢዋለሽ? ስድስት ወር ሙሉ አራቱን ሳይት ዞረሽ የሠራሽው መዝገብ ነው። ማን ምን ያውቃል፣ ማን ምን ይችላል። ይኸው ታትሞ መጣልሽ።

እማዋይሽ፦ ጥድፊያው ምንድን ነው ታዲያ?

ልሳነወርቅ፦ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ።

እማዋይሽ፦ ይኼ ግን የእኔ መዝገብ አይደለም።

ልሳነወርቅ፦ እንዴት አይደለም?

እማዋይሽ፦ «ሽመክት ታደገ፤ ታወር ክሬን ማንቀሳቀስ፤ አራት» ይላል። እኔ የሰጠሁት አንድ ነው።

ልሳነወርቅ፦ ሰው ይማራል እኮ እማዋይሽ። እንደ ድንጋይ ባለበት አይቀርም።

እማዋይሽ፦ መዝገቡን ካስረከብኩ በሁለት ሳምንት? ሽመክት ፌራዮ ነው። ብረት ማጠፍና ማሰር ላይ አምስት ሰጥቼዋለሁ፤ ሲያንሰው ነው። ክሬኑ ላይ ግን የወጣው ለኦፕሬተሩ ለባይለየኝ ምሳ ሊያደርስ ነው። አንድ ማለት አይቶታል ማለት ነው። አራት ማለት ብቻውን ይሠራል ማለት ነው።

ልሳነወርቅ፦ ምን ታካብጃለሽ? ቁጥር ነው።

እማዋይሽ፦ ቁጥሩ ላይ ሰው ተንጠልጥሏል። ከሦስት መቶ ሰማንያ ሠራተኛ ክሬን የሚችለው ባይለየኝ ብቻ ነው፣ እሱ ቢታመም ሥራ ይቆማል ብዬ በቀይ አስምሬ የሰጠሁዎት፣ ሰው ይሠልጥን ብዬ ነበር።

ልሳነወርቅ፦ ባይለየኝ መች ታመመ? ጠገበ እንጂ! «ፍሬኑ ይንሸራተታል፣ ሳይጠገን አልወጣም» ብሎ ደብዳቤ ጻፈልኝ። የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ሲሆን እንዲህ ያደርገዋል። ደግሞ ስለ እሱም አለ፤ ሁለተኛውን ገጽ ግለጪ።

እማዋይሽ፦ ባይለየኝ... ሁለት? አሥራ ሰባት ዓመት ክሬን ላይ የኖረ ሰው ሁለት?

ልሳነወርቅ፦ ሁለት ያገኘ ሰው ስለ ፍሬን ቢጽፍ ማን ያነበዋል?

እማዋይሽ፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ለሽመክት ልደውልና የት እንደተማረ ራሱን ልጠይቀው።

ልሳነወርቅ፦ አያነሳም።

እማዋይሽ፦ እንዴት አወቁ?

ልሳነወርቅ፦ አያነሳም አልኩሽ።

እማዋይሽ፦ አቶ ልሳነወርቅ፣ ሽመክት የት ነው?

ልሳነወርቅ፦ እስቲ ቁጭ በይ።

እማዋይሽ፦ ቆሜ እሰማለሁ።

ልሳነወርቅ፦ ሆስፒታል ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፌሮ ሲያነሳ ጭነቱ አመለጠው። የክሬኑ ክንድ ታጠፈ፤ እሱም ከነጋቢናው ወረደ።

እማዋይሽ፦ ይተነፍሳል?

ልሳነወርቅ፦ ጠዋት ይተነፍስ ነበር።

እማዋይሽ፦ እመቤቴ ድረሽለት! ማን ነው እዚያ ላይ ያወጣው?

ልሳነወርቅ፦ ሥራ ነው ያወጣው። ይልቅ ስሚኝ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት። ኢንሹራንሱ «የማይችል ሰው ነው ያሠሩት» ካለ ለእሷ ምንም አይደርሳትም። ይቺ አራት ለልጁ ማሳደጊያ ናት።

እማዋይሽ፦ አራት ካልኩት እኮ «የሚችል ሰው ነበር፣ ራሱ አጠፋ» ይባላል። አንድ ካልኩት ግን ጥፋቱ ወደ ላከው ሰው ይሄዳል። ያዘኑት ለሚስቱ ነው ወይስ ለራስዎ?

ልሳነወርቅ፦ ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል። አንቺ የበላሽበትን ትነክሻለሽ።

እማዋይሽ፦ እኔ ሠርቼ ነው የበላሁት። አልፈርምም።

ልሳነወርቅ፦ እንግዲያው አንድ ነገር ልንገርሽ። ፈረምሽም አልፈረምሽም ኮምፒውተሩ ውስጥ አራት ሆኗል። በማን የይለፍ ቃል ተከፍቶ እንደሆነ ታውቂያለሽ? በአንቺ። ተቆጣጣሪዎቹ ሲከፍቱት የሚያገኙት የአንቺን ስም ነው።

እማዋይሽ፦ ሰውዬው ከሞት ጋር እየታገለ እርስዎ ዛሬ ደረጃውን...

ልሳነወርቅ፦ ዛሬ ማን አለሽ? ዛሬ ቢሆንማ «ለመሸፋፈን ነው» ባሉ! ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው የገባው። ከአደጋው በፊት። የማይችለውን ሰው ይችላል ያልሽው አንቺ ነሽ ማለት ነው። ወይ ትፈርሚና አብረን እንወጣዋለን፣ ወይ ብቻሽን ትገቢበታለሽ።

እማዋይሽ፦ አሥራ አንድ ከሩብ አሉኝ?

ልሳነወርቅ፦ ከሩብ። ማሽኑ ራሱ ጽፎታል።

እማዋይሽ፦ ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ቢሮው ተዘግቶ፣ በሰርቪስ ተጭነን ሁላችንም የግዥ ክፍሉ የጋሽ ወልደየስ ለቅሶ ሄድን። አሥራ አንድ ከሩብ ላይ እኔ ድንኳን ውስጥ ነበርኩ፤ ግራና ቀኜ የሂሳብ ክፍል ሰዎች ነበሩ።

ልሳነወርቅ፦ ታዲያ ምን ለማለት ነው?

እማዋይሽ፦ አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። «ሥራ አለብኝ» ብለው እዚህ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት። እኔ ደግሞ እስካሁን የመሰለኝ፣ ሽመክት ከወደቀ በኋላ ወረቀት እያበጁለት እንደሆነ ነበር። ለካስ ትናንትና አበጅተው፣ ደረጃው አንድ መሆኑን እያወቁ ነው ጠዋት ክሬኑ ላይ ያወጡት።