ዶክተሩ የጻፈው ቃል

በጣሊያን ጊዜ ጎጃም ውስጥ ቁይ ገበያ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ያኔ ለአንድ ጣሊያን ዶክተር አስተርጓሚ ነበርኩ። ዶክተር ስላችሁ ሐኪም እንዳይመስላችሁ፤ በአገሩ ፖለቲካን፣ ሕግንና ኢኮኖሚን አንድ ላይ ተምሮ የጨረሰ ሰው ነው። ጎጃም የመጣውም የአገሬውን ሕግ አጥንቶ መጽሐፍ ሊጽፍ ነበር። ገበያው መሃል ሁለት ጎረምሶች በእህል መስፈሪያ ተጣልተው ዱላ ተማዘዙ። ጌሾ የሚሸጡ አንዲት ባልቴት ከተቀመጡበት ሳይነሱ «በሕግ አምላክ!» ሲሉ ሁለቱም ባሉበት ቀጥ ብለው ቆሙ፤ ዱላቸውንም አወረዱ።

«ሹም ናት እንዴ?» አለኝ ዶክተሩ።

«ኧረ ጌሾ ሻጭ ናቸው።»

«ታዲያ ለምን ቆሙላት?»

«በእኛ አገር በሕግ አምላክ የተባለ ሰው ይቆማል፤ ሹምም ቢሆን።»

በጣም ደስ አለው። ቃሉን አስደግሞኝ በደብተሩ ጻፈና ሁለት ጊዜ አሰመረበት። «ያን ሁሉ ዓመት ስማር እንዲህ ያለ ነገር አላነበብኩም» አለ።

ገበያው ሳይበተን የጣሊያን ወታደሮች የጭነት ከብት ፍለጋ መጡ። የባልቴቷን አህያ ፈትተው ሲነዱ፣ ሴትዮዋ ተነስተው መንገዱ ላይ ቆሙና «በሕግ አምላክ!» አሉ። ወታደሮቹ ገፍተዋቸው አለፉ። ይሄኔ ባልቴቷ ወደ እኛ ዞሩና ዶክተሩን ዓይን ዓይኑን እያዩ ደገሙት። ገበያተኛው ሁሉ እኛን ያያል።

ዶክተሩ ደብተሩን ኪሱ ከተተና «ምን እያለች ነው?» አለኝ።

እንጀራዬ በእሱ እጅ ነበር።

«አልሰማሁም፣ ጌታዬ» አልኩት።