ቅቤ የተቀባው እንስራ

ከድሬዳዋ ስመለስ አዳማ ላይ ሁለት ሴቶች ባቡሩ ላይ ተሳፈሩና ፊት ለፊቴ ተቀመጡ፤ አንዷ ወጣት፣ አንዷ ጠና ያሉ። የተዋወቁት ገና እዚያው ነው።

«ባሌ ቤቱ ውሃ እያለለት ጎረቤት ሄዶ ይጠጣል» አለች ወጣቷ።

«ያንቺ ውሃ ምን ሆነ፣ ልጄ?»

«እሱው ራሱ ከድሬዳዋ ባመጣልኝ የቆርቆሮ ባልዲ ነው የማስቀምጠው። ፀሐይ ከፍ ሳትል ይሞቃል። የጎረቤቴ የዚያች ሴት እንስራ ጥላ ስር ተቀምጦ ያልበዋል፤ ውሃው ጥርስ ያደነዝዛል። ደግሞ ከእንስራ በቀር ምን አላትና?»

«ታዲያ አንቺም እንስራ ግዢ።»

«ገዛሁ እንጂ፣ እትዬ። ያውም ጎረቤቴ ከገዛችባት ሸክላ ሠሪ። ከጎረቤቴ እንስራ እንዲበልጥ ብዬ ውጭውን በቅቤ አሸሁት፤ እንደ መስታወት አበራ።»

«ውሃውስ?»

«ሞቀ።»

«ቅቤው ደፍኖት ነዋ። ሸክላ ካላላበው ውሃ አያቀዘቅዝም። ሌላ ግዢና ምንም ሳትቀቢ ተዪው።»

«እሺ፣ ውሃውስ ይቀዝቅዝልኝ። ጠጥቶ ሲጨርስ ግን ‹እጅሽ ይባረክ› ይላታል፣ እትዬ። እኔን አንድ ቀን ብሎኝ አያውቅም።»



ለሚስቴ የገዛሁላትን አዲስ የቆርቆሮ ባልዲ በእግሬ ገፋ አድርጌ ከወንበሩ ስር አስገባሁት።