ሬድዮ የቀነሰች እጅ
እጄ ጉድ ሠራችኝ እኮ! አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ አንድ ፓርኪንግ በር ላይ ካሸር ነበርኩ። ሬድዮኔ ላይ አንዱ ተንታኝ ፕሬዚዳንቱን «ውሸታም!» እያለ ሙልጭ አድርጎ ሲሰድበው፣ አንድ መኪና መጥቶ መስኮቴ ሥር ቆመ። እጄ ሳላዛት ድምፁን ቀነሰችው። ምን ላድርግ፣ በደርግ ጊዜ የውጭ ሬድዮ ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፍኜ ስሰማ ያደግኩ ሰው ነኝ። ሾፌሩ አፈጠጠብኝ። «ለምን ቀነስከው? እውነቱን ሲናገር አመመህ? የፕሬዚዳንቱ ሰው ነህ?» «ኧረ ሰር፣ እንዳይረብሽዎት ብዬ ነው።» «ይሄ ነጻ አገር ነው፤ ከፍ አድርገው!» ከፍ አደረግኩለትና ሄደ።

ከኋላው የነበረችው ሴትዮ ደግሞ ገና መስኮቷን ስታወርድ «ይሄን ቀጣፊ ነው የምታሰማን? ለአለቃህ ነው የምናገረው!» ብላኝ እርፍ። ተናድጄ ጭራሽ ዘጋሁት። አሁንስ ተገላገልኩ ስል፣ በየቀኑ የሚያልፍ አንድ ደንበኛዬ መጣ። ሬድዮኑን አየ፤ እኔን አየ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ማን አስዘጋህ?» አለኝ። አገር ቤት የምፈራው አንድ መንግሥት ነበር። እዚህ ግን በየመኪናው አንድ መንግሥት ተቀምጦ ይመጣብኝ ጀመር።