ዘይቱ የማይጎድል ሞተር

ጨዋ ነህ እየተባልኩ ያደግሁ ሰው ነኝ። ታላቅ ሲናገር አላቋርጥም፤ ሲሳሳትም አላርምም። ይህንንም እንደ ትልቅ ሙያ ቆጥሬ ሃምሳ ስምንት ዓመት ኖሬበታለሁ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር ተማሪዎቼን «ስህተት ያየ እጁን ያውጣ» እላለሁ፤ ከትምህርት ቤቱ በር ከወጣሁ በኋላ ግን የራሴ እጅ ከኪሴ አይወጣም። በዚህ ጨዋነቴ ምክንያት አንድ ሞተር ዐይኔ እያየ አለቀ። ሞተር ብቻ ቢሆን ኖሮ ወረቀት ባላበላሸሁ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ የመኪናዬ ፍሬን ሲጢጥ ሲጢጥ ማለት ጀመረ። እግረ መንገዴን የጋሽ ጆሮን ጋራዥ ስላገኘሁ ጎራ አልኩ። ለጋሽ ጆሮ ይህን ቅጽል ስም ያወጡላቸው ደንበኞቻቸው ናቸው። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዐይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ፤ ከዚያም በሽታውን ይናገራሉ። ሽማግሌው በዚህ ጥበብ አርባ አንድ ዓመት እንጀራ በልተዋል፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነበሩ። ችግሩ የመጣውም ብዙ ጊዜ ልክ ከመሆናቸው ይመስለኛል።

ከጋራዡ መሐል ኮፈኗ የተከፈተ ትንሽ ሰማያዊ መኪና ቆማለች። አጠገቧ ንጹሕ ቱታ የለበሰች ወጣት የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይዛ ቆማለች።

«መምህር፣ እንኳን መጡ! ዳኛ አጥተን ነበር» አሉ ጋሽ ጆሮ። «ይቺ የወንድሜ ልጅ ናት። ሦስት ዓመት የመኪና ትምህርት ተምራ ባለፈው ሳምንት መጣችልን። ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ የጤነኛ ሞተር ዘይት ካልደፋሁ ትለኛለች።»

መኪናዋ የማን እንደሆነች አውቃለሁ። የጋሽ ጆሮ ታናሽ ወንድም ከሁለት ዓመት በፊት ሲያርፍ፣ አልጋው ላይ ሆኖ «ጋሼ፣ ልጄ ተምራ እስክትመጣ መኪናዬን አደራ» ብሏቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ ሥራ ትመላለስባታለች፤ ጋሽ ጆሮ ደግሞ በየወሩ እያስመጡ ያዳምጧታል። የሌላውን ሰው መኪና ለሠራተኛ ይሰጣሉ፤ ይህችን ግን ማንም እንዲነካት አይፈቅዱም ነበር።

ልጅቱ ከአንገቷ ዝቅ ብላ ሰላም ካለችኝ በኋላ ወደ አጎቷ ዞረች።

«አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት በሁለት ጣት አልፏል።»

«ታዲያ ሙሉ ነዋ! ሰው ዘይት ጎደለብኝ ብሎ ያለቅሳል፤ አንቺ ሞላብኝ ብለሽ ልታለቅሺ ነው?»

«ማን ጨመረበት?»

«ማንም! የሚገርመኝም እሱ ነው። አምና ጥሩ ወፍራም ዘይት አድርጌ እስከ ምልክቱ ሞላሁት። ከዚያ ወዲህ ጠብታ አላስገባሁም። በየወሩ ስለካው ከፍ ይላል እንጂ ዝቅ አይልም። የተባረከ ሞተር ነው። የአባትሽ እጅ አለበት።»

የመጨረሻውን ሲሉ ድምፃቸው ሰለለ። ልጅቱም ዘንጉን ወደ አፍንጫቸው አቀረበችላቸው።

«አጎቴ፣ ዘይት አይወልድም። የጨመረው ናፍጣ ነው። እስቲ ያሽትቱት።»

«የናፍጣ ሞተር ናፍጣ ናፍጣ ባይል ነው የሚያስፈራኝ!» አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም።

«ይህ ሞተር በወጣትነትዎ ይፈቱት እንደነበረው የጭነት መኪና ሞተር አይደለም» አለች፣ ትዕግሥቷ ሳይጓደል። «አራቱ ሲሊንደር ተደምሮ አንድ ነጥብ ሦስት ሊትር ነው። ከዚህች ትንሽ ነገር ሰባ አምስት የፈረስ ጉልበት የሚገኘው፣ ተርቦው አየር እየገፋ ስለሚያስገባላት፣ ናፍጣውም በአንድ ሺህ ስድስት መቶ ባር ግፊት ስለሚረጭ ነው። ጎማዋ ውስጥ ያለው ንፋስ እኮ ሁለት ባር ትንሽ ቢያልፍ ነው! የምትይዘው ዘይት ደግሞ ሦስት ሊትር ብቻ። ያችው ሦስት ሊትር ተርቦውን ታቀዘቅዛለች፣ የካቴናውን፣ የውስጥ ሰንሰለቱን፣ መወጠሪያ ትገፋለች። መንገዶቿ ጠባብ ስለሆኑ ቀጭን ዘይት ነው የተጻፈላት፤ ወፍራሙ ቶሎ አይደርስላትም።»

«እሺ፣ ይሁን። ናፍጣው ከየት መጣ?»

«ከእናቴ መንገድ። ማርሚታው ጋ ጥላሸት የሚይዝ ማጣሪያ አለ። ሲሞላ ሞተሩ ትርፍ ናፍጣ ይረጭና ጥላሸቱን ያቃጥለዋል። ይህን ለመጨረስ ግን ሃያ ደቂቃ ያህል ሳትቆም ሰፋ ባለ መንገድ መሮጥ አለባት። ከቤታችን እስከ እናቴ ሥራ ቦታ አሥር ደቂቃ ነው። ማቃጠል ስትጀምር እናቴ ደርሳ ታጠፋታለች። የተረፈው ናፍጣ በሲሊንደሩ ግድግዳ ይወርድና ከዘይቱ ይቀላቀላል። ነገም እንደዚሁ፣ ከነገ ወዲያም እንደዚሁ።»

«ቢቀላቀልስ ምን ያመጣል?»

«ዘይቱ አቅም ያጣና ብረት ከብረት ይፋተጋል፤ ይኼኛው ቀስ ብሎ ነው የሚገድለው። የምፈራው ሌላውን ነው። ዘይቱ ከመጠን ሲያልፍ በመተንፈሻው በኩል ወደ አየር ማስገቢያው ይሳባል። የናፍጣ ሞተር እሳት የሚጭር ካንዴላ የለው፣ አየሩን አምቆ በሙቀቱ ያገኘውን ያቃጥላል። የራሱን ዘይት መብላት ከጀመረ ቁልፉን ቢነቅሉትም አይጠፋም።»

ጋሽ ጆሮ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ቁልፍ ተነቅሎ የማይጠፋ ሞተር! በአርባ አንድ ዓመት ያላየሁትን በሦስት ዓመት አየሽው? በሉ መምህር፣ እርስዎ ይፍረዱ።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ጥፋቴ። ልጅቱ የተናገረችውን እኔ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እሥለዋለሁ። አየር ሲታመቅ እንደሚግል፣ የጋለው አየር ያገኘውን እንደሚያነድ አስተምሬ አሥራ ሰባት ዓመት የሆናቸውን ልጆች ፈትኛለሁ። «ልጅቱ ልክ ናት፤ ዘይቱ ይደፋ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሽማግሌውን ግን በወንድማቸው ልጅ ፊት ማሳፈር ከበደኝ።

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አልኩ። «ልምድም ያስፈልጋል፣ ትምህርትም ያስፈልጋል።»

ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝ። ዘንጉን ጠርጋ ወደ ቦታው መለሰችው።

«ሰማሽ አይደል? በይ አሁን በጆሮሽ ስሚው» አሉና ጋሽ ጆሮ መሪው ጋ ገብተው አስነሡት። ድምፁ ደስ ይል ነበር። ነዳጅ ሰጡት፤ ጮኸ። ለቀቁት፤ ዝቅ አለ። ሁለተኛ ጊዜ ጠበቅ አድርገው ሰጡትና እግራቸውን አነሡ። ሞተሩ ግን ዝቅ አላለም። በራሱ ጊዜ መውጣት ጀመረ፤ ወጣ፣ ወጣ፣ ጋራዡ በነጭ ጭስ ተሞላና የቆርቆሮው ጣራ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ጋሽ ጆሮ ቁልፉን ነቀሉት። ሞተሩ ባሰበት።

«አምስተኛ ማርሽ ያስገቡ! ፍሬን ረግጠው ፍሪሲዮኑን ይልቀቁ! ታንቆ ይጠፋል!» ልጅቱ በጩኸቱ ላይ ትጮኻለች። እሳቸው ግን የነቀሉትን ቁልፍ በመዳፋቸው ይዘው ያዩታል። አንዲት ጠፍጣፋ ጣውላ አንሥታ የአየር ማስገቢያውን ልትደፍን ስትሮጥ፣ ጆሮ የሚበጥስ ነገር ጓ አለና ሁሉም ጸጥ አለ።

ጭሱ ሲገለጥ ጥቁር ዘይት ከመኪናዋ ሥር ይፈስሳል። ፒስተኑን የሚገፋው ቢዬላ ተሰብሮ የሞተሩን ጎን ቀዶ ወጥቷል። ይህ አይበየድም፣ አይጠገንም፤ ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም ነበር።

ጋሽ ጆሮ ወርደው መሬት ላይ ተቀመጡ። «አደራውን በላሁት» አሉ። «ወንድሜን ሁለቴ ቀበርኩት።»

ልጅቱ «ነግሬዎት ነበር» አላለችም። እኔ ብሆን እል ነበር። ከመኪናዋ ገብታ ከተሳፋሪው ፊት ካለው መሳቢያ የመኪናዋን መመሪያ መጽሐፍ አወጣችና ሰጠችኝ።

«አጎቴ በውጭ ቋንቋ አያነቡም፤ መምህር፣ ስለ ዘይት የሚለውን ያንብቡላቸው» አለችኝ።

እያገላበጥኩ ገጹን አገኘሁት። ሌላ ሰው ከእኔ ቀድሞ አግኝቶታል፤ በእርሳስ ተሰምሮበታል። እየተረጎምኩ አነበብኩ፦ «የዘይቱ መጠን ከላይኛው ምልክት ካለፈ ሞተሩን አያስነሡ። ዘይቱን ወዲያውኑ ያስቀይሩ።» ከጎኑ ኅዳጉ ላይ በደቃቅ የእጅ ጽሕፈት አንድ ነገር ተጽፏል። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ያንንም አነበብኩ፦ «ለጋሼ መንገር።» ከሥሩ ደግሞ በሌላ ቀለም «ሌላ ጊዜ» ይላል።

ልጅቱ አፏን በእጇ ያዘች። የአባቷ ጽሕፈት ነው።

ጋሽ ጆሮ መጽሐፉን ተቀብለው ማንበብ የማይችሉትን ገጽ ትተው፣ የሚችሉትን ሁለት መስመር ደጋግመው አዩት። «ጋሼ የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ያውቅ ነበር። አክብሮኝ ዝም አለ። ቁጡ ነኝ፤ እኔስ ብነገር እሰማ ነበር? ዛሬ እንኳ መች ሰማሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎም ያውቁ ነበር፤ አይደለም?»

«አውቅ ነበር» አልኩ።

አልተቆጡኝም። ወደ ልጅቱ ቀና ብለው «ልጄ፣ ከዛሬ ጀምሮ ስህተቴን አይቶ ዝም ያለ ሰው እሱ ነው የናቀኝ። አንቺ ብቻ አከበርሽኝ» አሏት። ልጅቱ ከዘይቱ መሐል አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ንጹሑ ቱታ ያን ቀን አበቃለት።

ይህ ከሆነ ስምንት ወር ሆነው። ዛሬ ያ ጋራዥ ግድግዳ ላይ ሰሌዳ ተሰቅሏል። እያንዳንዱ መኪና ዘይቱ የተቀየረበት ቀን፣ የሄደው ኪሎ ሜትርና የዘይቱ ልክ ይጻፍበታል። ዘይት ከጎደለ ይጠየቃል፤ ከጨመረ ደግሞ አብዝቶ ይጠየቃል። ለአጭር መንገድ ብቻ የሚነዱ ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን መኪናቸውን ረጅም መንገድ ይዘው እንዲወጡ ይመከራሉ። አንዲት ደንበኛ ይህን ሰምታ በየእሑዱ እናቷን ልትጠይቅ መሄድ ጀምራለች፤ ማጣሪያውም ጸዳ፣ እናትየውም ደስ አላቸው። ለየሞተሩ የተጻፈለት ዘይት ነው የሚገባለት። ጋሽ ጆሮ አሁንም ካቻቢቴውን ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ፤ ልጅቱም ከእሳቸው ማዳመጥ ትማራለች። ከሰሙ በኋላ ግን «መጽሐፉ ምን ይላል?» ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ጋራዥ ሌላ ሞተር እንዲህ አላለቀም። ይህ ሁሉ ጥቅም የተገኘው በአንዲት ሰማያዊ መኪና ሕይወት መሆኑን ሳስብ ግን ደስታዬ አይሞላልኝም።

ባለፈው ሳምንት መኪናዬን ይዤ ሄድኩ። ጋሽ ጆሮ ዘንጉን መዝዘው በጨርቅ ጠረጉ፣ መልሰው ነክረው አወጡና ወደ ብርሃን አነሡት።

«ልኩ ላይ ነው» አሉ።

እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር። አወጣሁት። «ጋሽ ጆሮ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከላይኛው ምልክት ትንሽ አልፏል።»

መነጽራቸውን አድርገው ዘንጉን እንደገና አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት።

«እውነትዎን ነው፤ አልፏል» አሉ። ከዚያም ወደ ጎን ዞር ብለው፣ ለእኔ ይሁን ለወንድማቸው እንጃ፣ «ይኸው፤ ቢነግሩኝ እሰማ ነበር» አሉ።